የማን 12 ሰዓት ነው?

ማክሰኞ ቀን ነበር፤ ጅቡቲ። የመርከቡ ወኪል ቢሮው አስጠርቶ አንድ ገጽ ደብዳቤ ሰጠኝ። ካፒቴኑ የፈረመበት፣ «መርከቤ ደርሷል፤ ጭነቱን ለማራገፍ በማናቸውም ረገድ ዝግጁ ነው» የሚል ማስታወቂያ ነው። ከፊርማው በላይ የተሰጠበት ሰዓት ተጽፏል፦ 11:40። መቀበሌን ፈርሜ ወጣሁና አዲስ አበባ ለሚገኙት ባለ ጭነት በስልክ አጭር መልእክት ላክሁ፦ «ጋሼ፣ ኖቲሱ በ11:40 ተሰጥቷል።»

ጋሼ የምላቸው የመርካቶ ነጋዴ ናቸው። ያን ጊዜ ከሦስት ባልንጀሮቻቸው ጋር ገንዘብ አዋጥተው፣ መርከብ ተከራይተው ብረት አስመጥተዋል። ቀኑን ከባንክ ባንክ ሲሉ ውለው መልእክቴን ያዩት ሲመሽ ነው። የግድግዳቸው ሰዓት 12 ሊል ምንም አልቀረውም። 11:40 የሚለውን ሲያነቡ «አሁን፣ ከጥቂት ደቂቃ በፊት» ብለው ተረዱ። ውሉን በቃላቸው ያውቁታል፤ ማስታወቂያው ከቀትር በኋላ ከተሰጠ ጊዜው መቆጠር የሚጀምረው በማግስቱ ጠዋት ነው። ስለዚህ ጋላፊ ድንበር ላይ ተሰልፈው ትእዛዛቸውን ለሚጠብቁት ሾፌሮች «ዛሬ እደሩ፤ ነገ ትገባላችሁ» አሏቸው።

እኔ የጻፍኩት ግን የወረቀቱን 11:40 ነበር፤ በእኛ አቆጣጠር ከረፋዱ 5 ሰዓት ከ40። ጊዜው መቆጠር የጀመረው በዚያው ቀን ከቀትር በኋላ፣ በ7 ሰዓት ነው። ጋሼ መልእክቴን ሲከፍቱ ሰዓቱ ከተነሳ አምስት ሰዓት ሊሞላው ነው። መኪኖቹ ሌሊቱን ሙሉ ድንበር ላይ ቆመው አደሩ። መርከቡ ጭነቱን ጨርሶ መልሕቁን ሲያነሳ ከተፈቀደልን ጊዜ 16 ሰዓት አልፎ ነበር። በውሉ የተጻፈው የመዘግየት ክፍያ በቀን 9,000 ዶላር ነው፤ የ16 ሰዓቱ ሲሰላ 6,000 ዶላር መጣ።

ጋሼ አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ ምናለ ጠዋት ነው ብትይኝ» ብቻ አሉኝ። ስንት ዓመቱ፤ ይህች ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣችም።

ትራንዚተር ነኝ። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በዲክላራሲዮን፣ በቢል ኦፍ ሌዲንግና በወደብ ደረሰኝ መካከል ነው። ከዚያ ማክሰኞ ወዲህ አንድ ነገር አምኛለሁ። በመርከብ ውል ውስጥ ያለ ቃል ሁሉ ባለቤት አለው። ሰዓቱ የሆነ ሰው ሰዓት ነው፤ በዓሉም የሆነ አገር በዓል ነው። «የማን?» ብሎ ሳይጠይቅ የፈረመ ሰው መልሱን በኋላ በዶላር ይገዛዋል። ይህን ጥያቄ ደግሞ መጠየቅ የሚቻለው ቃሉ በሚገባን ቋንቋ ተፍታቶ ሲቀርብልን ነው። እስካሁን አልቀረበልንም። ሊቀርብልን ይገባል።

ያ የሰዓት ጉዳይ ከየት እንደመጣ ላሳይ። የመርከብ ኪራይ ውል በብዛት የሚጻፍበት ጄንኮን የሚባል ቅጽ አለ። ያዘጋጀው ቢምኮ የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1905 ኮፐንሃገን ላይ የተመሠረተው የመርከብ ሥራ ማኅበር ነው። ቅጹ መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1922 ሲሆን ከዚያ በኋላ ደጋግሞ ተሻሽሏል፤ የእኛ ውል የተጻፈው በ1994ቱ ነበር። 6ኛው አንቀጽ እንዲህ ይላል፦ የዝግጁነት ማስታወቂያው እስከ 12:00 ከተሰጠ ጊዜው በ13:00 መቆጠር ይጀምራል፤ ከ12:00 በኋላ በሥራ ሰዓት ከተሰጠ በሚቀጥለው የሥራ ቀን በ06:00 ይጀምራል። አሁን ይህን ወደ እኛ ሰዓት መልሱት። ወረቀቱ 12 ሲል የእኛ 6 ነው። ወረቀቱ 6 ሲል የእኛ 12 ነው። የውሉ ሰዓት የሚወሰንባቸው ሁለቱ ቁጥሮች በእኛ አፍ ቦታቸውን ይለዋወጣሉ! አንድ ኢትዮጵያዊ ነጋዴ ይህን አንቀጽ በትክክል ቢያነብ፣ ቁጥሩን በትክክል ቢያስታውስ፣ ሊሳሳት የሚችለው ግን በቀኑ ግማሽ ነው። የመርከብ ኪራይ ደግሞ በሰዓትና በደቂቃ የሚታሰብ ነገር ነው።

ይህ ቋንቋ የተወለደው ለእኛ አይደለም። የተወለደው ለንደን ውስጥ፣ ቡና እየተጠጣ ነው። የኤድዋርድ ሎይድ የቡና መጠጫ ቤት የመርከብ ባለቤቶችና የኢንሹራንስ ሰዎች የሚገናኙበት ነበር፤ ሎይድስ የሚለው ስም ከዚያ ቀረ። ዛሬ ባልቲክ ኤክስቼንጅ የሚባለው የመርከብ ኪራይ ገበያም መነሻው እ.ኤ.አ. በ1744 ስሙ የተመዘገበ ሌላ የቡና ቤት ነው። መሪ ቃሉ «ቃላችን ማሰሪያችን ነው» የሚል ነው። ከዚያ ቴሌግራም መጣ። ቴሌግራም በቃል ብዛት ያስከፍል ነበርና ደላሎቹ ውሉን ማሳጠር ጀመሩ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር በአንድ ቃል፣ አንድ ቃል በአንድ ፊደል። በመካከላቸው የሚግባቡ ሰዎች ስለነበሩ ተጠቀሙበት፤ ሒሳባቸውም ቀነሰ። ዛሬ ኢሜይል በፊደል አያስከፍልም። አጭሩ ቃል ግን እንዳለ ቀረ። ያኔ የነሱን ወጪ የቀነሰ አጭር ቃል ዛሬ የእኛን ወጪ ይጨምራል። ቃሉ ያስራል፤ ልዩነቱ እኛን የሚያስረን ሳናውቀው መሆኑ ነው።

የእኛ ሁኔታ ደግሞ ከሌላው ይከፋል። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነፃ አገር ከሆነች ወዲህ የራሳችን የባሕር በር የለንም። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሳ አሰብን መጠቀም አቆምን። ከዚያ ወዲህ ከገቢና ከወጪ ዕቃችን ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። መርከቡ ከቆመበት እስከ መጋዘናችን ድረስ ድንበር፣ ሁለት ጉምሩክ፣ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ የባቡር መንገድ ወይም ረጅም የመኪና ጉዞ አለ። ሰዓቱ የሚቆጠረው ባሕሩ ላይ ነው፤ ሰዓቱን የምናባክነው ግን የብስ ላይ ነው። ስለዚህ የሰዓቱን ቋንቋ ከማንም በላይ ማወቅ ያለብን እኛ ነን።

ሥራው እንዲህ ነው። መርከብ ሲከራዩ ለማራገፍ የሚፈቀድ ጊዜ አለ፤ በእንግሊዝኛው ሌይታይም ይሉታል፤ እኔ ለደንበኞቼ «የተፈቀደ የማራገፊያ ጊዜ» እላቸዋለሁ። ከዚያ ካለፈ ዲመሬጅ ይከፈላል። ይህን ቃል የማያውቅ ነጋዴ፣ የማያውቅ ሾፌርም የለም። ቃሉ ከፈረንሳይኛ «መቆየት» የመጣ ነው። በተቃራኒው ቶሎ ከጨረሱ ባለ መርከቡ ይመልስልዎታል፤ ይህ ደስፓች ይባላል። ተመላሹ ግን በብዛት የዲመሬጁ ግማሽ ነው። ለዘገየ ሙሉ፣ ለፈጠነ ግማሽ። ይህንንም ሳያውቁ የፈረሙ ብዙ ናቸው።

አሁን አንድ ሒሳብ አብረን እንሥራ። 10,000 ቶን ብረት መጣ እንበል። ውሉ በቀን 2,000 ቶን ይራገፋል ይላል፤ ስለዚህ አምስት ቀን፣ ማለትም 120 ሰዓት ተፈቅዷል። ማስታወቂያው ሐሙስ ረፋዱ ላይ ተሰጠና ሰዓቱ ሐሙስ ከቀኑ 7 ሰዓት ተነሳ። በጅቡቲ የሳምንቱ የዕረፍት ቀን ዓርብ ነው። ውሉ ላይ «ኤፍሄክስ» የምትል ቃል ካለች ዓርብና በዓል አይቆጠርም ማለት ነው፤ ጊዜያችን የሚያልቀው በሚቀጥለው ረቡዕ ከቀኑ 7 ሰዓት ይሆናል። «ሺንክ» የምትል ካለች ግን እሑድም ሆነ በዓል፣ ሁሉም ቀን ይቆጠራል፤ ጊዜያችን ማክሰኞ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ያልቃል። ሥራው ረቡዕ ከቀኑ 7 ሰዓት ካለቀ በመጀመሪያው ቃል ምንም አንከፍልም። በሁለተኛው የአንድ ሙሉ ቀን ዲመሬጅ እንከፍላለን። መርከቡ ያው፣ ጭነቱ ያው፣ ወዛደሩ ያው ነው። ልዩነቱ ጥቂት ፊደላት ናቸው።

ሦስተኛም አለ፤ «ሼክስ»። እሑድና በዓል አይቆጠርም ማለት ነው። ለለንደን ሰው ይህ ቸርነት ነው፤ እሑድ ያርፋል። ጅቡቲ ላይ ግን እሑድ የሥራ ቀን ነው፤ ዓርብ ቢሮ ሲዘጋ ሰዓቱ ይቆጠርብናል። የሌላ አገር የዕረፍት ቀን ሰጥተውን የወደባችንን የዕረፍት ቀን ወሰዱብን እንደማለት ነው። በዓሉም እንደዚያው ነው። ታኅሣሥ 29 ገና ነው፤ ጥር 11 ጥምቀት ነው። ሾፌሮቻችን እንደማንኛውም ሰው ቤታቸው መዋል ይፈልጋሉ፤ መንገዱ ጭር ይላል። በውሉ «በዓል» የተባለው ግን የወደቡ በዓል ነው። የእኛ ገና ለመርከቡ ተራ ቀን ነው፤ ሰዓቱ ይሄዳል።

«ዊቦን» የምትባል ደግሞ አለች። መርከቡ መራገፊያ ቦታ ቢያገኝም ባያገኝም ማስታወቂያ መስጠት ይችላል ማለት ነው። ወደቡ በማዳበሪያና በስንዴ መርከብ በሚጨናነቅበት ወቅት ይህችን ቃል ያያት ሰው ፍርሃት ፍርሃት ይለዋል። መርከቡ ከወደቡ ውጭ መልሕቅ ጥሎ ተራ እየጠበቀ፣ አንድ ኪሎ ብረት ሳይወርድ፣ ሰዓታችን ይበላል። ማዳበሪያ ክረምቱ ሳይገባ ገበሬው እጅ መድረስ አለበትና መኪናውም ወደዚያ ይሳባል፤ ይህ ትክክል ነው፣ ማንም አይከራከረውም። ግን ወቅቱን እያወቅን ለምን ይህችን ቃል ሳንደራደርባት እንፈርማለን? ደግሞ በንግዱ ውስጥ የታወቀ ሕግ አለ፦ አንዴ ዲመሬጅ ውስጥ ከገቡ ሁልጊዜም ዲመሬጅ ውስጥ ነዎት። የተፈቀደው ጊዜ ካለቀ በኋላ፣ ውሉ ለይቶ ካልተናገረ በቀር፣ ዓርብም ይቆጠራል፣ በዓልም ይቆጠራል።

ከሁሉ በላይ ሰው ሲጎዳ ያየሁት ግን «ፍሪ» በምትለው ቃል ነው። ነፃ። አንድ የማውቃቸው አስመጪ መርከብ ሲከራዩ ዋጋው ከጠበቁት ዝቅ ያለ ሆኖ አገኙት። ወረቀቱ ላይ ከዋጋው ጎን «ኤፍአይኦኤስቲ» የሚል ተጽፏል። የመጀመሪያዋን ፊደል ቢሮ ውስጥ ያለ ልጅ «ፍሪ» ብሎ ተረጎመላቸው፤ መጫንም፣ ማራገፍም፣ መደርደርም፣ ማስተካከልም ነፃ። እሳቸው ደስ ብሏቸው የዕቃውን መሸጫ ዋጋ ተመኑ፤ ለደንበኞቻቸውም ቃል ሰጡ። ዕቃው ሲደርስ የማራገፊያው ሒሳብ መጣ። «ነፃ ነው ተብሎ ተጽፎ የለም ወይ?» ብለው ወረቀቱን ይዘው እኔ ዘንድ መጡ። አዎ፣ ነፃ ነው ተብሎ ተጽፏል። ነፃ የሆነው ግን ባለ መርከቡ ነው። ማራገፊያው ከእሱ ላይ ነፃ ነው፤ ተከራዩ ይከፍላል። ኪራዩ ርካሽ የሆነውም ለዚያ ነው። ከእጃቸው የተቀበልኩት ወረቀት በላብ ርሶ ነበር፤ «ፍሪ» የተባለችዋን ፊደል በሰማያዊ እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ ከበዋታል፣ ሲደሰቱ አንድ ጊዜ፣ ሲናደዱ አንድ ጊዜ።

ይህችው ቃል ሌላ ቦታ ሌላ ሰው ነፃ ታወጣለች። ቡና ላኪዎቻችን በብዛት የሚሸጡት ኤፍኦቢ ጅቡቲ ነው። እዚህ ላይ ነፃ የሚሆነው ገዢው ነው። 60 ኪሎ የሚይዙ 320 ጆንያዎች፣ ማለትም 19.2 ቶን ቡና የያዘ አንድ ኮንቴይነር መርከቡ ላይ እስኪወጣ ድረስ ወጪውም ሥጋቱም የላኪው ነው። በኮንቴይነር ሥራ ደግሞ «ፍሪ ታይም» አለ፤ እዚያ ለተወሰኑ ቀናት ነፃ የምንሆነው እኛ ነን። ያው አንድ ቃል፣ በሦስት ወረቀት ላይ ለሦስት የተለያዩ ሰዎች ይሠራል። ስለዚህ ደንበኞቼን የማስተምራቸው ትርጉሙን አይደለም፤ ጥያቄውን ነው። ነፃ ለማን?

ስለ ኮንቴይነር ካነሳሁ፣ ነጋዴው ሁሉንም ሒሳብ በአንድ ስም «ዲመሬጅ» ይለዋል። ሦስት ዕዳዎች ናቸው። ዕቃው ወደቡ ግቢ ውስጥ ለተቀመጠበት ቦታ የሚከፈለው የወደቡ ኪራይ ነው። የመርከብ ድርጅቱ ኮንቴይነር ከነፃው ቀን በላይ ሳይነሳ ወደብ ውስጥ ሲቆይ የሚከፈለው ዲመሬጅ ነው። ኮንቴይነሩ ከወደብ ወጥቶ ባዶው በጊዜው ሳይመለስ ሲቀር የሚመጣው ዲቴንሽን ነው። ይህን መለየት ለምን ይጠቅማል? የእያንዳንዱ መድኃኒት የተለያየ ስለሆነ። የመጀመሪያው በሰነድ ፍጥነት፣ ሁለተኛው ከመርከብ ድርጅቱ ጋር አስቀድሞ በሚደረግ የቀን ድርድር፣ ሦስተኛው በሞጆ ደረቅ ወደብም ይሁን በመጋዘናችን ኮንቴይነሩን ቶሎ አራግፎ በመመለስ ይቀንሳል። ሕመሙን ያልለየ ሰው መድኃኒቱን አያገኝም።

ሌላው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሥጋቱ ከማን ወደ ማን እንደሚያልፍ ነው። አስመጪው ሲኤፍአር ጅቡቲ ብሎ ሲገዛ ሻጩ የመርከቡን ኪራይ እስከ ጅቡቲ ይከፍላል። ስለዚህ «ዕቃው ባሕር ላይ ቢጠፋ ሻጩ ይጠየቃል» ብሎ ያምናል። አይጠየቅም። የዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1936 ማውጣት የጀመረውና የመጨረሻው እትሙ በ2020 ሥራ ላይ የዋለው ኢንኮተርምስ የሚባለው ደንብ እንደሚለው፣ በሲኤፍአርም፣ ሻጩ ኢንሹራንስ በሚጨምርበት በሲአይኤፍም ሥጋቱ ወደ ገዢው የሚያልፈው ዕቃው መነሻው ወደብ ላይ መርከቡ ውስጥ ሲገባ ነው። ኪራዩ የሻጩ፣ አደጋው የእኛ። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2023 ወዲህ በቀይ ባሕር ላይ በመርከቦች ላይ ጥቃት ሲደርስና ብዙዎቹ አፍሪካን ዞረው ለመሄድ ሲገደዱ፣ ይህን ልዩነት የማያውቅ አስመጪ ባዶ እጁን ከማይጠየቅ ሻጭ ጋር ሲከራከር ነበር።

«ጄኔራል አቬሬጅ» የሚለውም አለ። አቬሬጅን አማካይ ብለን ስለምናውቀው ምንም የማይነካን ይመስለናል። እዚህ ግን የጋራ ኪሳራ ማለት ነው፤ መርከቡንና ጭነቱን ከአደጋ ለማዳን የወጣውን ወጪ ባለ መርከቡና ባለ ጭነቶች ሁሉ እንደ ንብረታቸው ዋጋ ይካፈሉታል። ኤቨር ጊቭን የተባለው መርከብ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 23 እስከ 29 ቀን 2021 የስዊዝ ቦይን ዘግቶ ከተነሳ በኋላ ባለቤቱ ይህንኑ አወጀ። በላዩ ከ18,000 በላይ ኮንቴይነሮች ነበሩ። ዕቃው ጭረት ያልነካው ሰው ሳይቀር ዋስትና ሳያስይዝ መውሰድ አይችልም ነበር። ኢንሹራንስ ያለው በኢንሹራንሱ በኩል ይጨርሳል፤ የሌለው ከኪሱ ያስይዛል። ይህን ቀድሞ የሚነግረው ሰው ያልነበረው ነጋዴ በዚያ ቀን የሚሰማውን ሳስብ ያሳዝነኛል።

የሙያ ባልደረቦቼ ይቃወሙኛል። «እነዚህ ዓለም አቀፍ ቃላት ናቸው፤ ክርክር ሲነሳ ለንደን ላይ የሚቀመጥ ዳኛ አማርኛ አያነብም፤ ትርጉም ደግሞ ግራ ያጋባል» ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው። ውሉ በእንግሊዝኛ ይቆይ፤ እኔም አማርኛ ተተክቶ ይፈረም አላልኩም። ግን ቃላቱ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹም ግልጽ አይደሉም። ጆሃና ኦልደንዶርፍ የተባለ እህል የጫነ መርከብ ሊቨርፑል አጠገብ መልሕቅ ጥሎ ተራ ሲጠብቅ «ደርሷል ወይስ አልደረሰም?» የሚለው ጥያቄ እስከ እንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት ሄዶ፣ ውሳኔ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። «መድረስ» ለሚለው ተራ ቃል የአገሪቱ የመጨረሻ ዳኞች መቀመጥ ነበረባቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ቢምኮና ባልቲክ ኤክስቼንጅ ከሌሎች ማኅበራት ጋር ሆነው በማራገፊያ ጊዜ ላይ የሚነሱትን ቃላት አንድ በአንድ ፍቺ ሰጥተው አሳትመዋል። የቋንቋው ባለቤቶች ለራሳቸው ሰው ፍቺ ካስፈለጋቸው፣ ለመርካቶው ነጋዴ ፍቺ መስጠት እንዴት ትርፍ ነገር ይሆናል?

ይህ ለአገራችንም አዲስ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የባሕር ሕጋችን በነጋሪት ጋዜጣ የታተመው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነው። ያ ትውልድ ስለ መርከብና ስለ ጭነት በአማርኛ ሕግ ለመጻፍ አቅም አላጣም። እኛ ከስድሳ ዓመት በላይ አልፎን አንድ ገጽ ማብራሪያ መጻፍ ሊያቅተን አይገባም።

የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ማሪታይም ባለሥልጣን በውል ላይ ደጋግመው የሚመጡትን ቃላት በአማርኛና በሌሎቹ የአገራችን ቋንቋዎች ፈትቶ፣ በእያንዳንዱ ቃል ሥር «ወጪው የማን፣ ሥጋቱ የማን» ብሎ ያውጣልን። ባንኮች ለአስመጪው የክፍያ ማረጋገጫ ሰነድ (ኤልሲ) ሲከፍቱ ይህን ገጽ ለደንበኛው ይስጡት፤ ሰነዱን በሚፈርምበት ጠረጴዛ ላይ። ቢሾፍቱ ባቦጋያ ላይና ባሕር ዳር ላይ የባሕር ሙያ የሚማሩት ልጆች የሚያውቁትን በአማርኛ እንዲጽፉ እናበረታታ፤ መርከብ ላይ ሠርተው የመጡት ደግሞ ከሁላችን ይበልጣሉ። እኛ ትራንዚተሮች ደግሞ ከዛሬ ጀምረን አንድ ነገር ማድረግ እንችላለን፤ ማንም ሳይፈቅድልን። ለባለ ጭነት በምንጽፈው መልእክት ሁሉ ሰዓትን ሁለት ጊዜ እንጻፍ፤ የወረቀቱን አንዴ፣ የእኛን አንዴ፣ ጠዋት ወይም ከሰዓት የሚለውን ጨምረን። እኔ ከዚያ ማክሰኞ በኋላ አንድም ቀን ሳልጽፈው አልቀረሁም።

የሚከፈለው ገንዘብ የነጋዴው ብቻ አይደለምና ነው እንዲህ የምለፋው። ዲመሬጅ በውጭ ምንዛሪ ይወጣል፤ ከዚያ በብረቱ ዋጋ ላይ ይታከላል፤ ከዚያ ቤት በሚሠራው ሰው ላይ ይወድቃል። በስንዴም ሲሆን ዳቦው ላይ ነው። ያ ሰው ስለ ጄንኮን ሰምቶ አያውቅም፤ ግን ይከፍላል።

ባለፈው ሰሞን ጋሼ ደወሉልኝ። አሁን አርጅተዋል፤ ሥራውን ልጃቸው ነው የሚይዘው፤ ውል ሲመጣ ግን እሳቸው ሳያዩት አይፈረምም። ልጁ የላከላቸውን ረቂቅ መነጽራቸውን አድርገው ቃል በቃል እያነበቡ ነበር። «ፍሪ» የሚለው ጋ ሲደርሱ ለማን እንደሆነ ጠየቁኝና ነገርኳቸው። «ሺንክ» የሚለው ጋ ሲደርሱ «ይህቺ ትውጣ፤ በዓርቡ ይቀየርልን በይልኝ» አሉ። ከዚያ 6ኛው አንቀጽ ላይ ደረሱና ዝም አሉ። ወረቀቱ ሲገለጥ በስልኩ ውስጥ ይሰማኛል።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ይኸ 12 የማን 12 ነው?»